ሜታል ስፒኒንግ ጀማሪ ነኝ፣ ላሜራው ዳር ዳሩ እየተሸበሸበ አስቸገረኝ፣ ምን ላርግ?

ጀማሪ_በቶርኖ

ሰላም ለሁላችሁም። ላሜራን ቶርኖ ላይ አስሮ እያሽከረከሩ በዘንግ እየገፉ ጎድጓዳ እቃ ማውጣት መማር ከጀመርኩ ሶስት ሳምንት ሆነኝ። የሚችሉት ሰዎች ሲሰሩት ሳይ ብረቱ እንደ እርጥብ ጭቃ ነው የሚታዘዝላቸው፣ እኔ ጋር ሲደርስ ግን እምቢ አለኝ።

ያለኝ የእንጨት ቶርኖ ነው። ላሜራው ተገፍቶ የሚተኛበትን ፎርማ ከጠንካራ እንጨት ራሴ አወጣሁት፣ ቀጥ ያለ ኩባያ ነው፣ ወርዱ 80 ሚሊ ሜትር ቁመቱ 60። ላሜራው አሉሚኒየም ነው፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ፣ ከአንድ አሮጌ ማሽን ክዳን ላይ የቆረጥኩት። እንዳያንሰኝ ብዬ ሰፋ አድርጌ 200 ሚሊ ዲስክ ቆረጥኩ። ፍጥነቱ በደቂቃ 1200 ዙር አካባቢ፣ ቅባቱ የሞተር ዘይት፣ ዘንጉ ደግሞ ጫፉን በሞረድ ያድበለበልኩት ክብ ብረት።

የመጀመሪያው ዲስክ ዳሩ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ሆነ። ሁለተኛውም ያው። ሶስተኛውን ዘንጉን ጠበቅ አርጌ ይዤ ባንድ ትንፋሽ እስከ ታች ልውሰደው ብዬ ስገፋ፣ ፎርማው ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ተቆርጦ የታችኛው ክብ ብቻ ፎርማው ላይ ቀረ። የት ጋር ነው የምሳሳተው? እውነት ይሄን ስራ በጣም ነው የወደድኩት፣ መተው አልፈልግም።

አሮጌ_ቶርኒተር

ልጄ እንኳን ደህና መጣህ። የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት፣ ቁጥሮቹን ስለነገርከን አመሰግናለሁ፣ ብዙ ሰው "ተበላሸብኝ" ብሎ ብቻ ይጽፍና እኛ ስንገምት እንውላለን።

መጀመሪያ ዲስክህን እንይ። 80 በ60 ለሆነ ቀጥ ያለ ኩባያ የሚያስፈልገው ስንት ነው? ወርዱን በራሱ አባዛው፣ 6400። ከዛ አራት ጊዜ ወርድ ጊዜ ቁመት፣ 4 ጊዜ 80 ጊዜ 60፣ 19200። ደምራቸው 25600፣ ስኩዌር ሩቱ 160። በቃ 160 ሚሊ ዲስክ ነው፣ ለመከርከሚያ ጥቂት ሚሊ ትጨምርበታለህ። አንተ 200 ነው ያረከው፣ ያ ማለት ከሚያስፈልግህ ብረት በላይ ከግማሽ የሚበልጥ ትርፍ ተሸክመህ ነው የምትገፋው።

አሁን ደግሞ ዳሩን አስበው። የ200 ዲስክ ዙሪያው 628 ሚሊ ነው። ኩባያህ ላይ ሲደርስ ግን ዙሪያው 251 መሆን አለበት። ያ ሁሉ ትርፍ የት ይሂድ? ወይ ይወፍራል፣ ወይ ወደ ቁመት ይሄዳል፣ ሁለቱንም ካልፈቀድክለት ይሸበሸባል። ሽብሽቡ ብረቱ መሄጃ ሲያጣ የሚያረገው ነው እንጂ የእጅህ ጉልበት ማነስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቀጥ ያለ ኩባያ የጀማሪ ቅርጽ አይደለም ልጄ። ግድግዳው ቀጥ ባለ ቁጥር ዳሩ በጣም መሰብሰብ አለበት። ጥልቀቱ ባነሰ ዝርግ ሳህን ጀምር፣ አፉ 120 ጥልቀቱ 35 የሆነ። ለሱ ዲስኩ ስንት ነው ካልክ፣ የአፉን ግማሽ በራሱ አባዛ፣ 3600፣ ጥልቀቱን በራሱ አባዛ፣ 1225፣ ደምረህ ስኩዌር ሩቱን እጥፍ አርግ፣ 139 ይመጣል። 145 ቁረጥ። ዙሪያው ከ455 ወደ 377 ብቻ ነው የሚሰበሰበው፣ ከ628 ወደ 251 ጋር አስተያየው።

ስለ ላሜራው አይነት ሌሎቹ ይንገሩህ፣ እኔ ግን ከማሽን ክዳን ላይ የተቆረጠ ነው ስትል ደስ አላለኝም።

ናስና_መዳብ

ጋሼ ያሉት በሙሉ ልክ ነው፣ እኔ ስለ ላሜራው ልጨምር።

የማሽን ክዳን ብዙ ጊዜ ከደረቅ አሉሚኒየም ነው የሚሰራው፣ ተጭኖ እንዳይጎብጥ ተብሎ። ለስፒኒንግ የሚፈለገው ግን የለዘበ ነው። ላሜራ ስትገዛ የቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለውን ፊደል እይ፣ 1100 ኦ ወይም 3003 ኦ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ኦ ማለት በእሳት ለዝቧል ማለት ነው። ኤች 14 ከሆነ ግማሽ ደረቅ ነው፣ ጥልቀቱ ላነሰ ነገር ይሄዳል ለጥልቅ ግን ያስቸግራል። 6061 ቲ 6 የሚል ካየህ ለዚህ ስራ አትንካው ይሰነጠቃል።

ቁጥር የሌለው ቁራጭ ከሆነ ጥግ ላይ ጣት የምታክል ቁረጥና በእጅህ እጠፈው። የለዘበ አሉሚኒየም እጥፍ ብሎ እዛው ይቀራል፣ ደረቁ ግን ወደ ኋላ ይመለስብሃል፣ ደጋግመህ ካጠፍከው ቶሎ ይቀነጠሳል። ያንተ ሶስተኛው ዲስክ ጠርዙ ላይ የተቆረጠው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው ብዬ እገምታለሁ።

ደረቅ ከሆነ ማለዘብ ይቻላል። አሉሚኒየም ስታሞቀው እንደ ብረት አይቀላም፣ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ እስከዛ ድረስ ግን መልኩ ያው ነው፣ ቁጭ ብለህ እያየኸው ባንዴ ቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ የደረቅ ሳሙና ቁራጭ ወስደህ ላሜራው ላይ መስመር መስመር አርገህ ቀባው፣ ከዛ እሳቱን በጀርባው በኩል እያንቀሳቀስክ አሙቅ፣ አንድ ቦታ ላይ አታቁመው። ሳሙናው መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል ቀጥሎ ቡናማ፣ ጥቁር ቡናማ ሲሆን እሳቱን አንሳ። ሁሉም መስመር እኩል እስኪጠቁር እየዞርክ ነው የምትሰራው። በራሱ ይቀዝቀዝ ወይም ውሃ ውስጥ ክተተው፣ ለንጹህ አሉሚኒየም ሁለቱም ያስኬዳል። ከዛ በሳሙና ውሃ አጥበህ ድጋሚ ጥጉን እጠፍ፣ ልዩነቱን ጣትህ ላይ ታውቀዋለህ።

ፍጥነት_ቀንስ

ወንድሜ ማንም ሳይናገር እኔ ልናገር፣ ስለ ደህንነት። አንተ 200 ሚሊ ዲስክ በ1200 ዙር ነው ያሽከረከርከው። ስሌቱን ሰርቼዋለሁ፣ ዳሩ በሰዓት ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው የሚሮጠው፣ ያ ዳር ደግሞ በመቀስ የተቆረጠ እንደ ምላጭ የሆነ 1 ሚሊ ላሜራ ነው። የሚያስረው ብቸኛ ነገር ከኋላ በቴልስቶክ (ከፎርማው ትይዩ ባለው የቶርኖው ጫፍ) የሚጫነው እንጨት ነው፣ እሱ ከላላ ዲስኩ በቀጥታ ወደ ጎን ነው የሚወጣው።

ስለዚህ ማሽኑን ስታስነሳ ከዲስኩ ዳር ትይዩ አትቁም፣ ሁሌም ትንሽ ፈንጠር ብለህ ወደ ቴልስቶኩ በኩል ሁን። ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ካለ እዛ መስመር ላይ እንዳይቆም አርግ። ሙሉ ፊት የሚሸፍን መከለያ አርግ፣ መነጽር ብቻ አይበቃም። እጅጌህን ሰብስብ፣ ሰንሰለት ቀለበት አውልቅ፣ ጓንት አታርግ።

ከመጀመርህ በፊት ደግሞ የዲስኩን ዳር ዙሪያውን በሞረድ ምታው፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ኩሽኔታ

ጓንት አታርግ ያልከው ላይ ትንሽ አለመስማማት አለኝ፣ ላሜራ ስትቆርጥና ስታስር ያለ ጓንት ከሆነ እጅህን ነው የምትቆርጠው። እኔ ሁለት ጊዜ መዳፌን ቆርጬ አውቃለሁ ሁለቱም ጊዜ ማሽኑ ቆሞ ነበር።

ፍጥነት_ቀንስ

@ኩሽኔታ ልክ ነህ፣ በደንብ አልጻፍኩትም። ማሽኑ ቆሞ ዲስክ ስትነካ ጓንት አርግ። ማሽኑ ከመዞሩ በፊት ግን አውልቅ፣ የሚዞር ዳር ጓንት ከያዘ ጣትን ጭምር ነው ጎትቶ የሚወስደው። እጅ ይቆረጣል ከምትል እጅ ይጠመዘዛል ብለህ አስብ።

ጀማሪ_በቶርኖ

እውነት እንዲህ አይነት መልስ አልጠበኩም፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጥጉን አጠፍኩት፣ እህቴ እንዳልሽው ወደ ኋላ ተመለሰብኝ፣ አራተኛው እጥፋት ላይ ተቀነጠሰ። የለዘበ 1100 ኦ አገኘሁ። የዝርጉን ሳህን ፎርማ እየሰራሁ ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ፣ ያ የሞተር ዘይት ችግር አለው? ከኋላ የሚጫነው እንጨትስ ስፋቱ ስንት ይሁን?

አሮጌ_ቶርኒተር

ቀጭን ዘይት ዲስኩ ሲዞር ተበትኖ ግድግዳህ ላይና ፊትህ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ዘንጉ ሲመጣ ዘይት የለም። የሚጣበቅ ቅባት ያስፈልግሃል። ሰምና ሞራ አብረህ አቅልጠህ እንደ ሻማ አርገህ አቀዝቅዘው፣ ሰሙ ትንሽ በዛ ይበል። እሱን ካጣህ ደረቅ የልብስ ሳሙና ራሱ ለአሉሚኒየምና ለመዳብ ይሰራል፣ እኔ ዓመታት ሳሙና ተጠቅሜያለሁ። ለጊዜው ማሽኑን አቁመህ ነው የምትቀባው፣ እየዞረ መቀባት ቆይተህ ትለምደዋለህ።

የሚጫነው እንጨት ከፎርማው ታችኛ ክብ ትንሽ ያነሰ ይሁን፣ ፊቱ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፍበት ዲስኩ እንዳይንሸራተት። ከኋላው የሚገባው ፑንታ (እንጨቱን መሃሉ ላይ የሚይዘው የቴልስቶኩ ሹል) የግድ በኩሽኔታ የሚዞረው አይነት ይሁን፣ የማይዞር ከሆነ እንጨቱን ያቃጥለዋል፣ ሲያቃጥለው ይላላል፣ ሲላላ ከላይ የተባለው አደጋ ይመጣል።

አንድ ነገር አትርሳ፣ ፎርማው መሃል ላይ እስከ ኋላ የሚደርስ ቀጭን ቀዳዳ ብሳ። እቃው ፎርማው ላይ ሲጠብቅ ውስጡ አየር ይዘጋበትና ሲያልቅ አልወጣ ይልሃል፣ በቀዳዳው አየር ሲገባ ግን በእጅህ ይነሳል።

ኩሽኔታ

ስለ ዘንጉ ማንም አላለም። ጫፉን በሞረድ ብቻ ከሆነ ያድበለበልከው ይሄ ራሱ ትልቅ ችግር ነው፣ የሞረድ ጭረት አሉሚኒየሙን ይነክሰዋል፣ አሉሚኒየም ደግሞ ብረት ላይ ይለጠፋል፣ ተለጥፎ ራሱ የተለጠፈው ላሜራውን ይቧጭራል። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ከ240 ጀምረህ 400 ከዛ 800 እያልክ ፊትህ እስኪታይበት አብራው። የሚጠነክር የመሳሪያ ብረት ከሆነ አጠንክረው።

ሌላ መንገድ ደግሞ አለ፣ እኔ የምጠቀመው ማለት ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ኩሽኔታ አስሬ፣ የውጪው ቀለበት እንደ ሮለር ላሜራው ላይ ይዞራል። ሰበቃው ስለሚያንስ ክንድህ ብዙ አይደክምም ጭረትም የለውም፣ ለጀማሪ በጣም ጥሩ ነው እላለሁ።

አሮጌ_ቶርኒተር

ኩሽኔታው መጥፎ አይደለም፣ ወፍራም ላሜራ ላይ እኔም እጠቀመዋለሁ። ለመማር ግን ቀላሉን ዘንግ ነው የምመርጠው። ብረቱ ሲደነድን ዘንጉ እጅህ ላይ ይነዝራል፣ ሊሸበሸብ ሲል ደግሞ ገና ሳታየው ተ ተ ተ የሚል መንቀጥቀጥ ብብትህ ስር ይሰማሃል። ኩሽኔታው ያን ስሜት ይቀንስብሃል። መጀመሪያ ስሜቱን ይወቀው፣ ከዛ የፈለገውን ይምረጥ።

ኩሽኔታ

እኔ በሮለር ተምሬ ነው ስሜቱንም ያወቅኩት ጋሼ፣ ግን የእርስዎን አከብራለሁ።

ናስና_መዳብ

ዋናው ነገር ገና አልተነገረም፣ አገፋፉ። ልጁ "ባንድ ትንፋሽ እስከ ታች" ያለውን አንብባችሁታል? እኔ ስጀምር ያን ነበር የማረገው ስለዚህ ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ዘንጉ ረጅም ይሁን፣ እጀታው ጨምሮ 80 ሳንቲም አካባቢ፣ መጨረሻው ብብትህ ስር ገብቶ በጎንህ የምትይዘው። ዘንጉ የሚያርፍበት የቶርኖው ማሳረፊያ ላይ የቆመው ፒን መደገፊያህ ነው፣ ዘንጉን ፒኑ ላይ አስደግፈህ እንደ መፈንቀያ የምታዞረው በወገብህ ነው እንጂ በክንድህ አይደለም። ጫፉ ላሜራውን የሚነካው ከመሃል መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው።

መጀመሪያ የምትሰራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ዲስኩን ፎርማው ታች ላይ ማስያዝ። ከሚጫነው እንጨት ጠርዝ ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ቀለበት ብቻ ሁለት ሶስት ጊዜ እየገፋህ ፎርማው ላይ ታስተኛታለህ። ስትይዝ ድምጹ ይቀየራል፣ መጀመሪያ ባዶ ጣሳ የሚመስለው ደፈን ይላል። እሷ ከተያዘች ዲስኩ ማምለጫ የለውም።

ከዛ በኋላ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ውጪ አጫጭር ምት ነው፣ ከተያዘው ቦታ ተነስተህ ሁለት ሶስት ሳንቲም ወደ ዳር ታሻግራለህ፣ ዲስኩ እንደ ፈነል (ዘይት ወደ ጠባብ አፍ እቃ እንደሚገለበጥበት) ያዘነብላል። ቀጥሎ የግድ ተመለስ፣ ከውጪ ወደ መሃል ቀለል አርገህ። የውጪው ምት ብረቱን ይስባል ያሳሳዋል፣ የመልሱ ምት ብረቱን መልሶ ይሰበስበዋል። ጀማሪ ሁሉ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያረገው። ፈነሉን ፎርማው ላይ ባንዴ አታስተኛው፣ በየዙሩ ጥቂት ሚሊ ብቻ ይጠጋ፣ ዳሩ ላይ ደግሞ እስከ መጨረሻው አትድረስ፣ አንድ ሳንቲም ያህል ሳትነካው ተወው፣ ያ ቀለበት ነው ቅርጹን የሚይዝልህ።

ዳሩ ሞገድ መስራት ሲጀምር ወዲያው ግፊቱን አቁም። በስተጀርባው ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው የእንጨት ዱላ አስደግፍና ከፊት በዘንጉ እያሻሸህ ሞገዱን መሃላቸው ጨፍልቀው። ገና ሲጀምር ከሆነ ይድናል። አንዴ እጥፋቱ ሹል ከሆነ ግን ያ ዲስክ አይድንም፣ አዲስ ቁረጥ።

ጀማሪ_በቶርኖ

ዛሬ ሞከርኩት!! ፍጥነቱን ወደ 700 አወረድኩት። ሲይዝ ድምጹ እውነትም ይቀየራል፣ እህቴ በጽሁፍ ባትነግሪኝ ኖሮ አላስተውለውም ነበር። 145 ዲስክ፣ ሰምና ሞራ፣ አጫጭር ምት። አንዴ ሞገድ ጀመረ፣ ዘንጉ ላይ ጋሼ እንዳሉት ተ ተ ተ አለ፣ አቆምኩ፣ በዱላው ጨፈለቅኩት ተስተካከለ። እስከ መጨረሻው ፎርማው ላይ ተኛ! በቀዳዳው አየር ገባና በእጄ ወጣ።

ግን ሁለት ነገር። ዳሩ ክብ አይደለም፣ አራት ቦታ ላይ ወጣ ያለ ጆሮ የመሰለ ነገር አለው፣ እኩል ርቀት ላይ። ሁለተኛ ግድግዳውን ስለካው 0.6 ሚሊ ነው፣ የጀመርኩት በ1 ሚሊ። ይሄ ኖርማል ነው?

አሮጌ_ቶርኒተር

በርታ ልጄ፣ ደስ ብሎኛል።

ጆሮዎቹ ያንተ ጥፋት አይደሉም። ላሜራው ፋብሪካ ውስጥ በሁለት ሮለር መሃል ተጨፍልቆ ነው የሳሳው፣ ስለዚህ በሚሄድበት አቅጣጫና በአግድሙ የብረቱ ጥንካሬ እኩል አይደለም፣ እኩል አይሳብም። ለዛ ነው ለመከርከሚያ ብዬ ከ139 ወደ 145 ያስጨመርኩህ። ለአሁኑ በቶርኖ አትከርክመው፣ የሚቆረጠው ጥብጣብ እየተገረፈ ይወጣል፣ ለዚህ ልምድ ያስፈልጋል። ዙሪያውን አስምርበት፣ አውርደህ በመቀስ ቁረጠው፣ በሞረድ ጨርሰው።

0.6 ግን ኖርማል አይደለም፣ ብዙ ሳስቷል። የሚሆነውን ልንገርህ። ላሜራውን ዳሩን ሳትሰበስብ በቀጥታ ፎርማው ላይ እየጨፈለቅክ ብትወስደው፣ አፉ እንደ ዲስኩ ሰፍቶ ይቀራል፣ ውፍረቱ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ለሾጣጣ ቅርጽ ስሌቱ ይታወቃል፣ የመጀመሪያው ውፍረት ጊዜ የግድግዳው ዝንባሌ ሳይን፣ ዝንባሌው የሚለካው ፎርማው ከሚዞርበት የመሃል መስመር ነው። 30 ዲግሪ ሲሆን 1 ሚሊው 0.5 ሚሊ ይሆናል። ፋብሪካዎች ይሄን ሆን ብለው በትልቅ ማሽን ይሰሩታል፣ ሺር ስፒኒንግ ይሉታል። በእጅ ስፒኒንግ ግን የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፣ ውፍረቱ ወደ ነበረበት ይጠጋ፣ ዳሩ ይሰብሰብ። ያንተ 0.6 የሚነግረኝ የመልሱ ምት እንዳነሰህ ነው።

ጀማሪ_በቶርኖ

እውነት ነው ጋሼ። ወደ ውጪ አስር ጊዜ ከሄድኩ ወደ መሃል ሁለቴ ነው የተመለስኩት፣ ያቺ ሞገድ ካስፈራችኝ በኋላ ወደ ውስጥ መግፋት ፈራሁ።

ናስና_መዳብ

ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ምክንያቱም የሚሸበሸበው የመልሱ ምት ላይ ነው። ግን መልሱ ቀለል ያለና ፈጠን ያለ ይሁን፣ ፈነሉ ገና ሰፊ ሆኖ ሳለ ጀምረው፣ የጀርባ ዱላውን ደግሞ ሞገድ እስኪመጣ አትጠብቅ ቀድመህ ያዘው። በግራ እጅ ዱላ በቀኝ ብብት ዘንግ፣ ሁለቱ እንደ ሁለት ጣት ላሜራውን መሃላቸው ይዘው አብረው ይሄዳሉ። መጀመሪያ እጅህ ይምታታብሃል፣ አምስተኛው ዲስክ ላይ ይገባሃል።

መዳብ_ልጀምር

ይቅርታ ውይይቱ ውስጥ ልግባና፣ እኔ አሉሚኒየም ለምጃለሁ መዳብ መጀመር እፈልጋለሁ፣ አካሄዱ ያው ነው?

ናስና_መዳብ

@መዳብ_ልጀምር አካሄዱ ያው ነው፣ መዳብ ግን ስትገፋው እየደነደነ ይሄዳል፣ መሃል ላይ አውርደህ ማለዘብ ይኖርብሃል። ምልክቱ፣ የገፋኸው ቦታ እንደ ስፕሪንግ ወደ ኋላ መመለስ ይጀምራል፣ ድምጹም ይቀጥናል። እዛ ላይ ጉልበት ከጨመርክ ይሰነጠቃል።

መዳብ ደግነቱ ሙቀቱ በአይን ይታያል፣ መብራቱን ቀነስ አርገህ ፈዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሙቅና ውሃ ውስጥ ክተተው፣ እንደ ብረት አይደነድንም ይለዝባል። ከማሞቅህ በፊት ሰሙንና ሞራውን በደንብ አጥበህ አስወግድ አለዚያ ይነድብሃል። ከሞቀ በኋላ የሚመጣውን ጥቁር ቅርፊት ደግሞ አጽዳው፣ ካልሆነ ዘንግህ መልሶ ውስጡ ይቀብረዋል።

ናስ ከፈለግክ 70 እጅ መዳብ 30 እጅ ዚንክ የሆነውን ነው የምትመርጠው፣ እርሳስ ያለበት ናስ ለመቁረጥ ነው ለመግፋት አይሆንም። ከመዳብ ፈጥኖ ስለሚደነድን ቶሎ ቶሎ አለዝበው፣ ከልክ በላይ አታሙቀው፣ የዚንክ ጭስ ሳንባ ይጎዳል፣ አየር ያለበት ቦታ ሁን። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ የሚባለውንማ በፍጹም እሳት አታስጠጋው።

ጀማሪ_በቶርኖ

ሳምንት ጠፋሁ፣ ስድስት ዲስክ ሰርቻለሁ። ሁለቱ ተሸበሸቡ፣ አራቱ ወጡ። የመጨረሻውን አሁን ለካሁት፣ ታችኛው ኩርባ ላይ 0.85፣ ግድግዳው 0.9፣ አፉ ጋር ደግሞ ከ1 ሚሊ ትንሽ ይበልጣል። አፉ ጋር መወፈሩ ገርሞኝ ነበር፣ ከዛ ጋሼ መጀመሪያ ቀን ያሉት ትዝ አለኝ፣ ዳሩ ሲሰበሰብ ወይ ይወፍራል ያሉት።

ሳህኑን መስኮት ጋር ይዤ ሳየው የዘንጉ መስመር ከታች እስከ ላይ አንድ ወጥ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይታያል። እናቴ ጋር ወስጄ ሳሳያት በጣቷ እየዞረች ዳበሰችው፣ "የት ጋር ነው የተበየደው?" አለችኝ። አልተበየደም አንድ ጠፍጣፋ ነገር ነበር ስላት ገልብጣ ታችኛውን አየች፣ ድጋሚ ገለበጠች።

ጋሼ፣ አሁን ወደዛ 80 በ60 ኩባያ ልመለስ ወይ ገና ነኝ?

ኩሽኔታ

0.85 በእጅ! ጥሩ ነው በጣም። ዘንጉን አንጸባረቅከው አይደል?

ጀማሪ_በቶርኖ

@ኩሽኔታ አዎ እስከ 800፣ ጭረቱ ጠፋ። ሮለሩንም ወደፊት እሞክራለሁ።

አሮጌ_ቶርኒተር

ደርሰሃል ልጄ፣ ግን በአንድ ፎርማ አትሞክረው። 160 ዲስክ ወደ 80 ወርድ ማለት ግማሽ ነው፣ በእጅ ባንዴ ከባድ ነው። ሁለት ፎርማ አውጣ። የመጀመሪያው ታችኛ ክቡ 80 ሆኖ ግድግዳው ወደ ውጪ የተከፈተ ይሁን። እዛ ላይ ጨርሰህ አውርድ፣ ቅባቱን እጠብ፣ በሳሙና መስመር አለዝበው። ከዛ ወደ ቀጥ ያለው ፎርማ አሸጋግረው። የቀጥ ያለውን ታችኛ ጠርዝ ደግሞ ሹል አታርገው፣ የመጀመሪያ ጊዜ የተቆረጠብህ እዛ ጋር ነው፣ 5 ሚሊ ያህል አዙረው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። አሮጌው ፎርማህ አሁንም ካለ ጠርዙን ብቻ አስተካክለህ ልትጠቀምበት ትችላለህ።

ዲስኩ 166 ይሁን። ከኋላ የሚጫነውን እንጨት ማጥበቅ አትርሳ፣ ስትጀምርም ከአምስት ደቂቃ በኋላም፣ እንጨት ሲጫን ይሰምጣል።

ጀማሪ_በቶርኖ

አሮጌው ፎርማ አለ ጋሼ፣ ጠርዙን ዛሬ ማታ አዞረዋለሁ። ክፍቱን ፎርማ የማወጣበት ግንድ ቶርኖው ላይ ታስሯል፣ ዲስኮቹን አራት አርጌ ቆርጬ ዳራቸውን በሞረድ መታሁ። ቅዳሜ እጀምራለሁ፣ ውፍረቱን በሁለቱም ፎርማ ላይ ለክቼ እዚሁ እጽፋለሁ።